ምላሴን ልበሳ ነው፤ ብር ይሻላል ወይስ ስቲል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎት ከሐዋሳ ነው፤ 22 ዓመቴ ነው። ምላሴን ልበሳ ነው። ጓደኛዬ ከዱባይ የስቲል ጌጥ አምጥታልኛለች። እናቴ ደግሞ «የማይቀር ከሆነ ንጹሕ ብር አሠሪ» ትለኛለች። ርካሽ የጆሮ ጌጥ ሳደርግ ጆሮዬ ያሳክከኛል፣ ይቆስላል። ሌላ ሕመም የለብኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ለልቤ በየወሩ ፔኒሲሊን እወጋለሁ እንጂ ደህና ነኝ። የቱ ይሻለኛል?
ሜ.

መልስ፦ እህቴ ሜ.፣ ስለ ጌጡ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን ስለዚያ መርፌ እናውራ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

መርፌው በልጅነት የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ ለሚመጣ ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚሰጠው ይመስለኛል። ይህ ሕመም የልብ ቫልቭ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው በር) ላይ ጠባሳ ይተዋል። አፍ ውስጥ ደግሞ፣ ጥርስ በደንብ ቢቦረሽም፣ ባክቴሪያ አይጠፋም። ምላስ ሲበሳ ወደ ደም ይገባል። ጤነኛ ሰውነት አብዛኛውን ጊዜ ያጠፋዋል። የተጎዳ ቫልቭ ካገኘ ግን እዚያው ተጣብቆ ሊራባ ይችላል። ይህ የልብ ኢንፌክሽን ኢንዶካርዳይተስ ይባላል። ለሳምንታት በደም ሥር መድኃኒት ያስወስዳል፣ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል፣ ይገድላልም።

«መርፌውን እየወሰድኩ አይደል?» ትዪኝ ይሆናል። የወሩ መርፌ የጉሮሮው ባክቴሪያ እንዳይመለስ ነው። ለዚህኛው አይበቃም። መርፌሽን ግን እንዳታቋርጪ።

ስለዚህ ምላስ መበሳቱ ይቅርብሽ። በብርም፣ በስቲልም፣ በምንም። የልብ ሐኪምሽንም አማክሪ። ጥርስ ለማስነቀል ስትሄጂም ስለ ልብሽ ቀድመሽ ተናገሪ፤ ብዙ ታካሚዎቼ ካልጠየቅኳቸው አይነግሩኝም።

አሁን ወደ ጌጡ። ብር አፍ ውስጥ ይጠቁራል፤ ያልዳነ ቁስል ላይ የማይለቅ ቀለም ሊተው ይችላል። የወርቅ ቅብ ይፋቃል፣ ሥሩ ያለው ብረት ይወጣል። ሰርጂካል ስቲል የሚባለው ኒኬል የሚባል ብረት አለበት፤ ጆሮሽን የሚያሳክክሽም ኒኬል ሳይሆን አይቀርም። የሚመረጠው ለሰውነት ተከላ የሚውል ታይታኒየም ነው፤ ኤኤስቲኤም ኤፍ136 የሚል ደረጃ እንዳለው ጠይቂ። ለምላስ ሳይሆን ለጆሮሽ ግዢው።

ታይታኒየምም ቢሆን ከጥርስ ጋር ይጋጫል። ጥርስ ይሸርፋል፣ ከታች የፊት ጥርሶች ጀርባ ያለውን ድድ ይጎዳል። የሸሸ ድድ በራሱ አይመለስም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እብጠትም ቀላል አይደለም፤ ትንፋሽ ካጠረ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

የልብ ሕመም እያለባችሁ ምላሳችሁን ቀድማችሁ የተበሳችሁም ትኖራላችሁ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም የሌሊት ላብ ከመጣባችሁ ወባ ነው ብላችሁ ቤት አትቆዩ። የደም ምርመራ ያስፈልጋችኋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝታችሁም አትጀምሩ፤ መድኃኒቱ ምርመራው ባክቴሪያውን እንዳያገኘው ሊያደርግ ይችላል። ሐኪሙ ጋር ስትደርሱ ስለ ልባችሁም ስለ ምላሳችሁም ንገሩት።