ሮቦቱን ድንጋይ በላው

ይድረስ ለጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሸዋ ሮቢት ካሉት አክስቴ ቤት አንድ ካርቶን አሮጌ የጠፈር መጫወቻ ወደ ደብረ ብርሃን አምጥቻለሁ። ትልቁ ሠላሳ ሴንቲ የሚሆን የቆርቆሮ ሮቦት ነው። ደረቱ ላይ ሁለት በር አለው፤ ጀርባው ላይ «ሜድ ኢን ጃፓን» እና «ኤስ ኤች» ይላል። ሁለት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ይወስዳል፤ አዲስ ባስገባለትም ንቅንቅ አይልም። የድንጋዩ ቤት ውስጥ ነጭና አረንጓዴ ነገር ጋግሮበታል፣ ትከሻው ላይም ዝገት ጀምሮታል። አንድ መኪና ቀቢ «አራግፌ አዲስ አስመስለዋለሁ» ብሎኛል። ሌላው ዘጠኝ ሴንቲ ተኩል የሚሆን ነጭ የፕላስቲክ ወታደር ነው፤ እግሩ ላይ 1977 ይላል፣ መልኩ ግን ቢጫ ሆኗል። ሮቦቱን ላስቀባው? ኦሪጅናል መሆኑንስ በምን ልወቅ?

አ. ነኝ፣ ከጠባሴ

ወንድሜ አ.፣

መኪና ቀቢውን አመስግነህ አሰናብተው። የእንዲህ ያለ ሮቦት ቀለም በአብዛኛው በብሩሽም በስፕሬይም የተቀባ አይደለም። ቆርቆሮው ገና ጠፍጣፋ ሳለ ታትሞበት፣ ከዚያ በኋላ ነው ተጨፍልቆ ቅርጽ የያዘው። አንዴ ካራገፉት መልሶ የሚያትመው የለም። ሰብሳቢ ጭረት ያለበትን ይገዛል፣ ዝገት ያለበትንም ተከራክሮ ይገዛል፤ የተቀባውን ግን አገላብጦ አይቶ ያስቀምጠዋል።

ሥራህ ያለው ድንጋዩ ቤት ውስጥ ነው። ነጩ ከድንጋይ የፈሰሰ ነው፤ አረንጓዴው የተበላው መዳብ ወይም ነሐስ ነው። የድሮው ተራ ድንጋይ ዚንክ ካርቦን ነበር። የውጭ ገላው ራሱ ዚንክ ስለሆነ እያደር ተበልቶ ይበሳና አሲድነት ያለው ፈሳሽ ያወጣል። ማርከሻው ቤኪንግ ሶዳ ነው፦ አንድ የሻይ ማንኪያ በአንድ የቡና ሲኒ ውሃ። አልካላይን የሚባለው ድንጋይ ግን የሚያፈሰው ተቃራኒውን ስለሆነ የሚያበርደው ኮምጣጤ ነው። የትኛው እንደፈሰሰ ካላወቅህ በጥጥ ጫፍ ጠብታ ኮምጣጤ ንካው፤ ቶሎ አረፋ ከደፈቀ ወደ አልካላይን ያደላል።

ጓንት አድርግ። ሮቦቱን ዘቅዝቀህ ያዘውና ደረቁን ቅርፊት በእንጨት መፋቂያ ፈርፍረው፤ ዱቄቱ ወደ ውጭ ይርገፍ እንጂ ወደ ማርሽ ጥርሶቹ አይግባ። በአፍህ እፍ አትበል፣ ዓይንህ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ማርከሻውን በተጨመቀ ጥጥ፣ ብረቱ ላይ ብቻ። ኮምጣጤ ሕትመቱን ከነካ የሚጎዳው ሕትመቱን ነው። መጨረሻ በተጣራ ውሃ በረጠበ ጥጥ ጥረገው። የመኪና ዕቃ መደብር «የባትሪ ውሃ» ብለው ይሸጡታል፤ አሲዱም እዚያው መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጥ የያዝከው የትኛው እንደሆነ ሁለቴ አንብብ። አንድ ሙሉ ቀን ደረቅ ክፍል ውስጥ ይዋል። ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ ከሰል አጠገብም አይቀመጥ። ሲደርቅ የመዳቡን ጫፍ ብቻ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አብራው።

አሁንም ካልሄደ ድንጋዩን ቤቱ ውስጥ አታስገባ። ሁለቱን ድንጋይ ደርድረህ (ሦስት ቮልት ይሆናሉ) በሁለት ሽቦ ሞተሩን በቀጥታ ለአንድ ሁለት ሰኮንድ ንካው። ሞተሩ ከዞረ ችግሩ ሽቦው ነው፤ ፈሳሹ በላስቲኩ ውስጥ ተስቦ ስለሚገባ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ አረንጓዴ ይሆናል። የሚያበራ መዳብ እስክታይ ቁረጠውና አዲስ ሽቦ በካውያና በስታኞ ቀጥልበት፤ ካውያውን ግን ከታተመው ቆርቆሮ አርቀው። ሞተሩ እያጉረመረመ ካልዞረ ጥርሶቹ ላይ ያለው ግራሶ ደርቋል። የስፌት መኪና ዘይት በመርፌ ጫፍ፣ ጥርሶቹ ለሚዞሩበት ለእያንዳንዱ ዘንግ ጫፍ አንድ ጠብታ ይበቃል። ገላውን ለመክፈት ግን አትቸኩል። ቆርቆሮዎቹ የተያያዙት በሚታጠፍ ምላስ ነው፤ ሁለት ሦስቴ ከታጠፈ ይቆረጣል፣ ከተቆረጠ ደግሞ ጉዳዩ የካቻቪቴ አይደለም።

የትከሻውን ዝገት በዚያው ዘይት አርጥበህ በመፋቂያ ጫፍ ቀስ ብለህ አንሳና ጥረገው። ጠባሳው ይቀራል፤ ይቅር።

ጠባሴ ላይ ሮቦት የሚያዘገው ብርዱ ሳይሆን ላቡ ነው። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያደረ ቆርቆሮ ጠዋት የቡናውና የድስቱ እንፋሎት ሲያገኘው፣ ከፍሪጅ እንደወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ያልበዋል። ስለዚህ ምግብ ከሚበስልበት ክፍል አውጣው፣ ከውጭ ግድግዳም አንድ ስንዝር አርቀው። በፌስታል አትጠቅልለው፤ የካርቶን ሳጥን ይሻላል። የጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጥጡ የሲሊካ ከረጢቶች አብረህ ጨምር። ለማሳየት ወደ ሸዋ ሮቢት ብትወስደው ደግሞ፣ ከጣርማ በር በታች ያለው ሙቅ አየር ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ እንዳያላበው ሳጥኑን አራት አምስት ሰዓት ሳትከፍት አቆየው።

«ኤስ ኤች» የጃፓኑ መጫወቻ አምራች የሆሪካዋ ምልክት ነው። ግን ምልክት ይቀዳል። ሳጥኑ ካለ ባርኮድ ፈልግበት፤ ባርኮድ ሱቅ ውስጥ መነበብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 ስለሆነ ባርኮድ ያለው ሳጥን የ1960ዎቹ ሊሆን አይችልም። «ሲ ኢ» የሚል የአውሮፓ ምልክት ካየህም የ1990ዎቹ ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ ቅጂ ነው። ድንጋዩ ቤት ውስጥ ያየኸው የተበላ መዳብ ዕድሜ እንዳለው ይጠቁማል እንጂ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ነጩ ወታደርህ የስታር ዋርስ ፊልም መጫወቻ ይመስላል። 1977 የቅጂ መብቱ ዓመት እንጂ የተመረተበት አይደለም፤ የአሜሪካው መጫወቻ አምራች ኬነር እነዚህን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ቢጫውን በኦክስጅን ውሃ (ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ) እና በፀሐይ አንጣው የሚሉህን አትስማ። ለጊዜው ይነጣል፣ እያደር ግን ተመልሶ ቢጫ ሊሆን፣ ፕላስቲኩም ሊዳከም ይችላል። ለስላሳ ፕላስቲክ ሲያረጅ ስለሚያጣብቅ፣ ካርቶኑ ውስጥ ካፖርት ወይም ጎማ መሳይ ነገር የለበሰ ካለ እያንዳንዱን በነጭ ወረቀት ለይተህ አስቀምጥ፤ ከሮቦቱ ጋርም አታዳብለው።