ንዴቴን ውጬ ውጬ ደከመኝ

ጥያቄ፦ ባሌ ሲያናድደኝ ዝም እላለሁ፣ ማታ ሰሃን እያጠብኩ ግን አለቅሳለሁ። አንዳንዴ በትንሽ ነገር ልጆቹ ላይ እጮሃለሁ። ሰሞኑን እንቅልፍ የለኝም፣ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት እንኳ አስጠልቶኛል። ንዴት ብቻ ነው? (ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም)

መልስ፦ እህቴ፣ ድባቴም (ዲፕሬሽን የሚሉት የአእምሮ ሕመም) ሊሆን ይችላል። ንዴትን ማመቅም ሆነ ድንገት መገንፈል ከድባቴ ጋር እንደሚያያዙ ጥናቶች ያሳያሉ፤ የትኛው ቀድሞ እንደመጣ መለየት ግን ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ድባቴው ራሱ ሰውን ግልፍተኛ ያደርጋል። ድባቴ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ በብዛት እንደሚታይም የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። እኛ ጋ ደግሞ ሴት «ጨዋ» የምትባለው ሁሉን ችላ ዝም ስትል ነው፣ ይሄ በጣም ያበሳጨኛል!

ስትረጋጊ ለባልሽ አንድ ነገር ብቻ ለይተሽ ንገሪው፦ «ትናንት በሰው ፊት ስታቋርጠኝ ከፋኝ» በይው። የሚማታ ከሆነ ግን አትሞክሪው፣ መጀመሪያ ለምታምኚው ሰው ተናገሪ። እንቅልፍና ደስታ ማጣቱ 2 ሳምንት ካለፈው ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ካስፈለገ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፉልሻል። ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀን አትቁጠሪ፣ ሰው ይዘሽ ዛሬውኑ ሂጂ።