ጤና አዳምና አብሽ ለአራስ

ጥያቄ፦ የአራት ኪሎ ነዋሪ ነኝ። ልጄ አራስ ናት፤ አብሽ ትጠጣለች። ጎረቤቶቼ ደግሞ ጤና አዳም አፍልታ እንድትጠጣና በቅጠሉም ገላዋን እንድናሽላት ይመክሩናል። ጉዳት ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ እናታችን፣ ጤና አዳሙ ቢቀርባት ይሻላል። ቡና ላይ ጣል የሚደረግ አንድ ቀንበጥና ቅጠሉ በብዛት ተቀቅሎ የሚጠጣ ውኃ ፈጽሞ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ጨጓራን፣ ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ቅጠሉ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ስላሉት፣ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ቀልቶ ውኃ ሊቋጥርና ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ሕፃኑን ጠዋት ፀሐይ የምታሞቁት ከሆነ፣ ጭማቂው በእናትየዋ እጅ በኩል ገላው ላይ እንዳይደርስ አጥብቄ እለምናለሁ።

አብሽ በምግብ መጠን ለአብዛኞቹ አራሶች አያሰጋም፤ ወተት ይጨምራል መባሉ ግን ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም። በአብሽ ውስጥ ያለው ሶቶሎን የተባለ ንጥረ ነገር የእናትንም የሕፃንንም ሽንት የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ሽታ ስለሚሰጠውና ይህም ከአንድ የጨቅላ ሕፃናት ሕመም ምልክት ጋር ስለሚመሳሰል፣ አብሽ መጠጣቷን ለሐኪሙ ንገሩት። የስኳር መድኃኒት ወይም ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ሐኪሟን ሳታማክር አትጠጣው። ትኩሳት ከያዛት ወይም ደም በብዛት ከፈሰሳት ምንም ሳታፈሉ ወዲያውኑ ሆስፒታል ውሰዷት።