ከአቅኚው ወደ ታች ቁጠሪ፤ ሴቶቹን አትጣዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የአያትሽ ዘር ከጎጃም፣ ከደጋ ዳሞት መሆኑን፣ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ሰባት ትውልድ እንደሚቆጠር፣ ዛሬ ያሉትን ተወላጆች ሁሉ በአንድ መዝገብ ማስፈር እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። አንድ ዘመድሽ ደግሞ «በአባት በኩል ብቻ ቁጠሪ፣ ሴት ዘር አይቆጠርም» ብሎሻል።

ይህን ምክር ዛሬውኑ ተይው። ጎጃም ውስጥ ርስት በእናትም በአባትም ይቆጠር ነበር። ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ምንዝር (የአቅኚው ልጅ፣ የዘር ቅርንጫፍ መነሻ) ትሆን ነበር፤ ልጆቿም በእሷ በኩል ቆጥረው ድርሻ ይጠይቁ ነበር። አቅኚውን አንድ ብለሽ ብትጀምሪና በየትውልዱ ወንድና ሴት እኩል ቢወለድ፣ በወንድ ብቻ የቆጠረ ሰው ሰባተኛው ላይ ሲደርስ በእጁ የሚቀረው ከ32 ተወላጅ 1 ነው። ሠላሳ አንዱን ጥሎ «ዘሬን ጻፍኩ» ይላል። ብዙ የቤተሰብ መዝገብ የተበላሸው በዚህ ነው፤ ከተበላሸ በኋላ ደግሞ የሴቶቹን ስም የሚያውቁት ሽማግሌዎች አልፈው ይገኛሉ።

1. ከላይ ወደ ታች ውረጂ። ከራስሽ ተነስተሽ ወደ ላይ ብትወጪ የምታገኚው አንድ ክር ነው። ዋናውን አባት (አቅኚውን) ጻፊ፣ ቀጥሎ ልጆቹን (ምንዝር አባቶቹን) በሙሉ፣ ከዚያ የእያንዳንዱን ልጆች። ሽማግሌ ስትጠይቂ ሰፌድ ላይ ባቄላ ይዘሽ ቅረቢ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ፍሬ አስቀምጪ፣ የሴቶቹን ለየት ባለ እህል፣ በሽንብራ አድርጊው። አረጋዊው «እገሌ እገሌን ወለደ» እያሉ ሲወርዱ ዓይናቸው ፍሬው ላይ ይሆናል፤ አንዷ ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳርፈው «ይቺኛዋማ ቋሪት ነው የተዳረችው» ይላሉ። በቃል ብቻ ብትጠይቂ ያቺ ሴት አትነሳም ነበር።

2. ስም ብቻውን ሰው አይለይም። የቤተሰብ ስም የለንምና አንድ ሰው በዓለም ስሙ፣ በክርስትና ስሙ፣ በፈረስ ስሙ ሊጠራ ይችላል። ማዕረጉም ያድጋል፤ በአንዱ ወረቀት ግራዝማች የነበረው በሌላው ቀኛዝማች ይሆንና ሁለት ሰው መስሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የዓለም ስም ከነአባቱ፣ የክርስትና ስም፣ ማዕረግ፣ የትዳር ጓደኛ ከነአባቷ፣ የተቀበረበት ደብር ይጻፍ። ከዚያ ቁጥር ስጪው፦ የአቅኚው ሦስተኛ ልጅ 3፣ የእሱ ሁለተኛ ልጅ፣ ሴት ናት እንበል፣ 3.2፣ ከእሷ የተወለደው አምስተኛ 3.2.5። ሰባት ቤት ካለፈ በኋላ ዘሩ እርስ በርሱ ስለሚጋባ አንድ ሰው በሁለት ምንዝር በኩል መምጣቱ አይቀርም። ሁለት ጊዜ አትጻፊው፤ አንዱን ቁጥር ይዞ ሌላው «ተመልከት» ይባልለት።

3. ዘመን። ሰባት ትውልድ፣ ለአንዱ ከ25 እስከ 30 ዓመት ቢሰጠው፣ ከ175 እስከ 210 ዓመት ነው። ሽማግሌው አቅኚውን «በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን መጣ» ካሉሽ ግን ንጉሡ ከዙፋን የወረዱት በ1698 ነውና ከ300 ዓመት በላይ ሆነ፤ ከ10 እስከ 12 ትውልድ ይፈልጋል። እንግዲህ መሐል ላይ የተዘለሉ አባቶች አሉ ማለት ነው። በስማቸው ክርክር ያልተነሳባቸው አባቶች ከአፍ ቶሎ ይጠፋሉ።

የልደት ዘመን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚነገርሽ በወንጌላዊ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሪ፣ ለ4 አካፍዪ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ካልተረፈ ዮሐንስ። «በጣሊያን ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ ተወለደች» ከተባልሽ ከ1928 እስከ 1933 ባለው ውስጥ ሉቃስ አንዴ ብቻ ነው የሚመጣው፣ 1931። ማቴዎስና ዮሐንስ ግን ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚመጡ ሌላ ምልክት ጠይቂ፤ ከታላቅ ወንድሟ ስንት ዓመት ታንሳለች የሚለው ይበቃል።

4. መዝገብ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የነበረ የርስት ክርክር ፋይል ወርቅ ነው፤ ከሳሽ መብቱን ለማሳየት ከአቅኚው ጀምሮ ይቆጥራልና። ግን መዝገብ ቤት ሄደሽ በአቅኚው ስም ብትጠይቂ «የለም» ተብለሽ ትመለሻለሽ። ፋይሉ የሚገኘው በከሳሽና በተከሳሽ ስም፣ በዓመቱና በፍርድ ቤቱ ነው። ይህን ለባለጉዳይ የማስረዳት ግዴታ ያለበት ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ሩቅ አገር የመጣን ሰው መመለሱ ነውር ነው፤ ቢሆንም ሦስቱን ጽፈሽ ከያዝሽ ማምለጫ አይኖረውም። ፋይሉን ስታገኚ ደግሞ እንዳለ አትቀበዪው። ከሳሽ የራሱን መስመር አጥርቶ ይቆጥራል፣ የባላጋራውን ያሳጥራል ወይም ጨርሶ ይክዳል። የተከሳሹን መልስ ጎን ለጎን አንብቢ፤ ሁለቱም ያመኑበት አባት የተረጋገጠ ነው።

የደብሩ ወንጌል ኅዳግ ላይ የርስት ስጦታና ሽያጭ ከነምስክሮቹ የተጻፈበት ቦታ አለ። አስተዳዳሪውን አስፈቅደሽ፣ መሪጌታ ይዘሽ ግቢ፤ ሳይፈቀድ ስልክ ካወጣሽ ሁለተኛ አይከፈትልሽም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባልበት አገር ነውና ዘር የሚቆጥር እንግዳ ሲመጣ ገበሬው የሚያስበው መሬቱን ነው። በ1989 የመሬት ድልድል ብዙ ማሳ እጅ ስለቀየረ ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። የይዞታ ደብተር አሳዩኝ አትበዪ፤ ዛሬ የሚታረሰው ማሳ የአያት ርስት ላይሆን ይችላልና ለአንቺም አይጠቅምሽም። የድንበር ጠብ ካለበት ሰው ጋር አብረሽ አትግቢ፣ እሱ ቤት አትደሪ። ከቡና በፊት «የመጣሁት ስም ልጽፍ ነው፣ መሬት አልጠይቅም» በያቸው፤ የጻፍሽውንም እዚያው ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው። የተዘለለ ስም ካለ ያን ጊዜ ከጓዳ የሚያርሙሽ ብዙውን ጊዜ እናቶች ናቸው።