ኤረር ሸለቆ ላይ ወጀብ ሲተነበይ፦ መጀመሪያ ሞተሩን፣ ማሽላውን ግን በመጨረሻ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው፦ ኤረር ሸለቆ ላይ ማሽላ፣ ከወንዙ ዳር ደግሞ ፓፓያና ሙዝ አለህ፤ ማሽላው ፍሬ መያዝ ጀምሯል። ትንበያው ለሦስት ቀን «በምሥራቅ ሐረርጌ፣ በሐረሪና በድሬዳዋ በአንዳንድ ቦታዎች ነጎድጓድና ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ» ብሏል። እኔ ጋ ይደርሳል ወይ፣ ከደረሰስ ምኑን ላስቀድም ነው ያልከው።

«በአንዳንድ ቦታዎች» የሚለው የዝናቡን ስፋት እንጂ ብርታቱን አይነግርህም። ተበታትኖ ይወርዳል ማለት ነው፤ ያንተ ማሳ ጠብታ ሳያገኝ ከጉብታው ማዶ ያለው ሊታጠብ ይችላል። ብርታቱን የሚነግርህ «ከባድ» የሚለው ቃል ነው፤ በእኛ አገር በ24 ሰዓት ውስጥ 30 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲዘንብ ነው ከባድ የሚባለው። 1 ሚሊ ሜትር በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ስለሆነ፣ 30 ሚሊ ሜትር በሩብ ሄክታር ላይ 75,000 ሊትር ውሃ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ሰዓት ከወረደ መሬቱ አይጠጣውም። የነፋሱንም ቁጥር እንዳለ አትውሰደው። የሚነገረው ከመሬት 10 ሜትር ከፍ ብሎ የተለካ የ10 ደቂቃ አማካይ ነው፤ ወጀቡ በሚመታበት ቅጽበት የዚያን እጥፍ ሊሆን ይችላል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ትናንት በነፋስ ሲወዛወዝ የዋለ ማሽላ ዛሬ ተነቅሎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ለአካባቢው ሁሉ የተነገረውን ትንበያ «ተዘጋጅ» እንዳለህ ቁጠረውና ሰዓቱን ከሸለቆው አንብብ። አንድ የፌስታል ቁራጭ ረዘም ባለ እንጨት ጫፍ ላይ አስረህ ክፍት ቦታ ላይ ትከል። ፀሐይ ባለበት ቀን ከረፋድ ጀምሮ ነፋሱ ከሸለቆው ታች ወደ ላይ ይነፍሳል፣ ፌስታሉም ወደ ደጋው ይዘረጋል። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ፌስታሉ ድንገት ከተንጠለጠለ፣ ቀጥሎም ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ቀዝቃዛና የእርጥብ አፈር ሽታ ያለው ነፋስ ፊትህን ከመታህ፣ የቀረህ ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ከደመናው የሚወርደው ዝናብ በከፊል በአየር ላይ ይተንና አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ይወርድና መሬት ላይ ወደ ጎን ይበተናል። ነፋሱ ከዝናቡ ቀድሞ የሚደርሰው ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ሥራ አትጀምር። መብረቁን አይተህ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠር፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሰከንድ ካነሰ ከማሳ ውጣ፣ ግራር ሥር ግን አትጠለል።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ። ሁሉንም ከጠዋቱ እስከ 6 ሰዓት ጨርስ።

ሞተሩ ይቅደም። የውሃ ሞተር በእኛ ከፍታ ላይ ውሃ የሚስበው ቢበዛ ከ6 ሜትር ገደማ ጥልቀት ስለሆነ ሰው ሁሉ ከወንዙ አፍ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጎርፍም መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ሞተሩንም መምጠጫ ቱቦውንም ዳገቱ ላይ አውጣ። ማሳህ ላይ ሰማዩ ጥርት ማለቱ አያዘናጋህ፤ ከሸለቆው በላይ፣ ወደ ሐረርጌዎቹ ኮምቦልቻና ጃርሶ በኩል ያለው ደጋ ከጠቆረ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው በሌሊት ነው፤ ውሃውም በአብዛኛው የመጣው ከላይ ከደጋው ነበር። ወንዙ ዳር ማንም አይደር፣ ከብትም አይታሰር።

ቀጥሎ ቦዩን ክፈት። ፓፓያ ሥሩ በውሃ ተውጦ አንድ ሁለት ቀን ከቆየ ይበሰብሳል፤ ከነፋሱ ይልቅ የሚገድለው ይሄ ነው። ከየረድፉ ውሃ መውጫ ቆፍር፣ መውጫው ግን ወደ ጎረቤትህ ማሳ እንዳይዞር። ግንዱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ከባድ ፍሬ ከተሸከመ ይቆረጣል፤ ቢጫ ማሳየት የጀመረውን ፍሬ ሁሉ አውርድ። ለሙዙ ባላ አዘጋጅ፤ ዘለላው ወዳዘነበለበት በኩል ከአንገቱ በታች ደግፈው፣ የባላውን እግር ደግሞ ሁለት ስንዝር ያህል ቅበረው። ላዩን ብቻ ካስቀመጥከው አፈሩ ሲርስ ባላው ራሱ ተንሸራቶ ሙዙን ይጥለዋል።

ጫትም ካለህ ስለ እሱ አትጨነቅ፣ እንጨቱ ተለማጭ ነው። የሚጎዳው በረዶ ነው፤ ለእሱ ደግሞ መከላከያ የለንም።

ማሽላው ላይ ማድረግ ከምትችለው ይልቅ ማድረግ የሌለብህ ይበዛል። ውሃ አታጠጣ፣ አፈሩ በራሰ መጠን ሥሩ ይላላል። «ልደግፈው» ብለህ አሁን አትኮትኩት፤ በዚህ ደረጃ ኩትኳቶ ላዩ ላይ ያለውን ሥር ይቆርጠዋል፣ የተፈታው አፈርም በጎርፍ ይሄዳል። ዩሪያ አትበትን፣ መድኃኒትም አትርጭ፤ ሁለቱም ታጥበው ወንዝ ይገባሉ። ጊዜና ጉልበት ካለህ ነፋስ በሚመታው ዳር ያሉትን ሦስት አራት ረድፎች ብቻ፣ አራት አራቱን አገዳ ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛ ላይ በቃጫ ሰብሰብ አድርገህ እሰር። አላልተህ እሰረው፤ ከጠበቀ አገዳው ከማሰሪያው ላይ ይሰበራል። ስታስር አገዳ ቆርቁር የሚባለው ትል የበሳውን ታገኛለህ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ እንደ መጋዝ ትቢያ ያለ ነገር ይታያል። እሱ መሰበሩ ስለማይቀር አትድከምበት።

ካለፈ በኋላ የወደቀውን ማሽላ በእጅህ ለማቆም አትቸኩል። ከሥሩ ዘንበል ያለው ጫፉን ራሱ ቀስ እያለ ቀና ያደርጋል፣ ሥሩ ካልተበጠሰም ፍሬውን መሙላቱን ይቀጥላል፤ ስትጎትተው ነው የቀረው ሥር የሚበጠሰው። መሬት የነካውን ራስ ብቻ ከአፈሩ አንሳና በአጠገቡ ባለው አገዳ ላይ አስደግፈው፤ አለዚያ ይሻግታል ወይም እዚያው ይበቅላል። የተሰበረውን ቆርጠህ ለከብት ማዋል ትችላለህ። ከተቆረጠው ሥር የሚወጣውን ለጋ ቡቃያ ግን ከጉልበት በላይ እስኪያድግ ከብት አይቅመሰው፤ መርዝ አለበት፣ ላም ይገድላል።

ሞተሩን ውሃ ከቀደመህ ደግሞ አታስነሳው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳብና ተመልከት፤ ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አፍስስ፣ የአየር ማጣሪያውን አውጥተህ አድርቅ፣ ነዳጁንም ቀይር፣ ከዚያም መካኒክ ይየው።