አንድ ፔኒ ለመቆም፦ በኤልሳቤጥ ዘመን ቴአትር ማን ይገባ ነበር?

የቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን (1558–1603) የለንደን ቴአትር ለዓመታት ሳነበው የኖርኩት ጉዳይ ነው። ስለ መግቢያ ዋጋውና ስለ ተመልካቹ የጠየቃችሁኝን እነሆ እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መግቢያው ስንት ነበር? ትኬትስ ይቆረጥ ነበር?

መልስ፦ እንደ ዛሬው በመስኮት የሚቆረጥ ትኬት አልነበረም። በር ላይ ገንዘብ ሰብሳቢ ይቆማል፤ አንድ ፔኒህን ትከፍላለህ፣ ትገባለህ። በ1599 ለንደንን የጎበኘው ስዊዘርላንዳዊው ቶማስ ፕላተር አከፋፈሉን በደንብ ጽፎልናል። በአንድ ፔኒ መድረኩ ፊት ባለው ጣሪያ የሌለው ሜዳ ላይ ቆመህ ታያለህ። ሰገነቱ ላይ መቀመጥ ካማረህ ሌላ በር አለ፣ እዚያም አንድ ፔኒ ትጨምራለህ። ትራስ ያለበትና ሁሉ የሚታይበት፣ አንተም በሰው የምትታይበት ቦታ ከፈለግህ ደግሞ በሌላ በር ሦስተኛ ፔኒ ትከፍላለህ። ለመኳንንቱ የተለየው ክፍል ስድስት ፔኒ ነበር። የሮዝ ቴአትር ፍርስራሽ በ1989 ሲቆፈር የሸክላ ገንዘብ መሰብሰቢያ ስብርባሪዎች ተገኝተዋል። እንደ ሙዳየ ምጽዋት ሳንቲም የሚገባበት ቀዳዳ አላቸው፤ ገንዘቡ የሚወጣው ግን ሸክላው ሲሰበር ነው። ሰብሳቢው ለራሱ እንዳይቀንስ መሆኑ ግልጽ ነው።

ጥያቄ፦ ለድሃ ሰው አንድ ፔኒ ከባድ አልነበረም ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። የለንደን አናጢ ወይም ግንበኛ በቀን 12 ፔኒ፣ ማለትም አንድ ሺሊንግ አካባቢ ያገኝ ነበር። የቀን ሠራተኛው ከዚያ ያንሳል፤ ሙያ ለመልመድ ጌታው ቤት የሚያድረው ልጅ ደግሞ ደመወዝ የሚባል ነገር አያውቅም። በአንድ ፔኒ አንድ ዳቦ ይገዛል። ስለዚህ ዋጋው የሚቻል ነው፣ ግን ከጉሮሮ የሚነጠቅ ነው። በዚያ ላይ ጨዋታው የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ በ8 ሰዓት ገደማ ነው፤ መብራት ስለሌለ በፀሐይ ብርሃን መጨረስ አለበት። ይህ ደግሞ የሥራ ሰዓት ነው። የከተማው ሹማምንት «ልጆቹ ሥራቸውን ጥለው ይጠፋሉ» እያሉ ቴአትር ቤቶቹን የሚከሱትም ለዚህ ነበር። ከነሱ ሥልጣን ለማምለጥ ነው ሮዝ፣ ስዋንና ግሎብ የተባሉት ቴአትር ቤቶች ከቴምዝ ወንዝ ማዶ የተሠሩት።

ጥያቄ፦ ሴቶችስ ይገቡ ነበር?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ የነጋዴ ሚስቶችም፣ ገረዶችም፣ ገበያ የሚውሉትም ይገቡ ነበር። መድረክ ላይ ግን ሴት አልነበረችም፣ የሴቱን ገጸ ባሕርይ ወንድ ልጆች ይጫወቱት ነበር። ንግሥቲቱም ቴአትር ቤት አትሄድም፤ ተዋንያኑ ወደ ቤተ መንግሥት ይጠሩላታል።

ጥያቄ፦ ሜዳው ላይ የሚቆመው ሕዝብ ረባሽ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያልወደደውን ይጮኽበታል፤ ከረጢት ቆራጭ ሌባም አይጠፋበትም። ሮዝ ሲቆፈር ሄዝልነት የሚባል ለውዝ መሰል ፍሬ ቅርፊት በብዛት ወጥቷል። የሼክስፒር ሐምሌት ራሱ፣ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያነበባችሁት ታስታውሱታላችሁ፣ ለተዋንያኑ ምክር ሲሰጥ እነዚህን ቋሚዎች ሸንቆጥ ያደርጋቸዋል። እኔ ግን ስማቸው ያለ አግባብ የጠፋ ይመስለኛል። ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ በእግር ቆሞ፣ ዝናብ እየወረደበት፣ በረጅም ግጥም የተጻፈ ተውኔት የሚያዳምጥ ሰው ጆሮ የለውም ማለት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ ለማን ይደርስ ነበር?

መልስ፦ ባጭሩ፣ የሜዳው ገንዘብ ለተዋንያኑ፣ የሰገነቱ ገቢ ደግሞ ከሕንፃው ባለቤት ጋር ለሁለት ይከፈላል። የሮዝ ባለቤት ፊሊፕ ሄንስሎ ድርሻውን በየቀኑ ይመዘግብ ስለነበር ደብተሩ ዛሬም አለ። በመጋቢት 1592 ስለ ንጉሥ ሄንሪ ስድስተኛ የተጻፈ ተውኔት ሲታይ በአንድ ቀን 3 ፓውንድ ከ16 ሺሊንግ ከ8 ፔኒ ገብቶለታል፤ ይህም 920 ፔኒ ነው። በዚያው ዓመት ግን ቸነፈር ገባና ቴአትር ቤቶቹ ተዘጉ፤ እስከ 1594 ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ሀብታሞቹ ለብቻቸው የሚሄዱበት አልነበረም?

መልስ፦ ነበር። ብላክፍራየርስን የመሰለው ጣሪያ ያለው፣ በሻማ የሚበራ አዳራሽ ዝቅተኛ ዋጋው ስድስት ፔኒ ነበር። በዚህ ዋጋ የአንድ ፔኒው ሰው ከደጅ ይቀራል ማለት ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ዛሬ ለንደን ብሄድ እንደነሱ ቆሜ ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። በ1997 የተከፈተው አዲሱ ግሎብ ከጥንቱ ቦታ ብዙም ሳይርቅ ቆሟል፣ ሜዳውም ወንበር የለውም። ጃንጥላ መዘርጋት ስለማይፈቀድ የዝናብ ልብስ ያዝ፣ ጫማህም የሚመችህ ይሁን።