ስለ ምድር ውስጥ ሕዝብ ለምትጽፉ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት ውሃ ፍለጋ መሬት በማስቆፈር ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ባሕር ዳር ተቀምጫለሁ። ወደ ማታ ሐይቁ ዳር ስወጣ የሠፈራችን ልጆች የጻፉትን ልብ ወለድ ያመጡልኛል። ባለፈው ክረምት ካነበብኳቸው ሦስቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነበር። ከጣና ሥር፣ ምድር ውስጥ ስለሚኖር ሕዝብ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እኔም በወጣትነቴ ጉድጓድ በወረድኩ ቁጥር እነሱን አስብ ነበር። ለማንም ግን ተናግሬ አላውቅም።

ሁላችሁም የጀመራችሁት ከጨለማው ነው። እኔ ብሆን ከአየሩ እጀምራለሁ።

ሥራ ስጀምር 12 ሜትር በሚሆን የእጅ ጉድጓድ ወረድኩ። ደንቡ መጀመሪያ ኩራዝ አብርቶ በገመድ ማውረድ ነው። ኩራዙ ከጠፋ ሰው አይገባም። የዚያን ቀን ቸኩለን ተውነው። ታች ስደርስ ምንም አልሸተተኝም፣ ምንም አላፈነኝም። ጉልበቴ ብቻ ድንገት ከዳኝ። እላይ የነበሩት ልጆች ገመዱ ሲላላ አይተው ጎትተው አወጡኝ። የጉድጓድ ክፉ አየር እንዲህ ነው። መምጣቱን አይናገርም።

እንግዲህ ሕዝባችሁ ይህን አየር የሚችል አካል ያስፈልገዋል። ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በምሥራቁ ቆላችን ጸጉር የሌላት፣ ዕድሜዋን ምድር ውስጥ የምትጨርስ ትንሽ ፍጥረት አለች። ገበሬው ደጋ ላይ የሚያውቃት ፍልፈል ሌላ ናት፣ ግን ጸጉር አልባ ፍልፈል ብንላት ያግባባናል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ኦክስጅን ጭራሽ በሌለበት 18 ደቂቃ ቆይታ በሕይወት እንደምትተርፍ አሳይቷል። በዚያ ሰዓት ሰውነቷ ፍሩክቶስ የሚባለውን ስኳር ያለ ኦክስጅን እየተጠቀመ ያቆያታል። እኛ ብንሆን በደቂቃዎች ውስጥ አብቅቶልን ነበር።

ከዚህች ፍጥረት ስንት ነገር ይወጣል! ሕዝባችሁ ቀስ ብሎ ይተንፍስ። ቀስ ብሎ ይናገር። መጮህ የጎረቤትን አየር መስረቅ ነውና ነውር ይሁን። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚለው «ተንፍሱ» ሳይሆን «አትተንፍሱ» ይሁን። እሳትንም እርሱት። እሳት አየር ይበላል። ከሦስቱ ታሪኮች በሁለቱ ዋሻው ሁሉ በችቦ ደምቋል። እዚያ ላይ ስደርስ እነዚያ ሕፃናት በምን ሊተነፍሱ ነው ብዬ ልቤ ተጨነቀ።

ቦታውንም ዕወቁት። አንዱ ልጅ ከጣና በታች ካቴድራል የሚያክል አዳራሽ ሠርቷል። እንዲህ ያለ ሶፍ ዑመር ላይ ያምራል። እዚያ ድንጋዩ ኖራ ነው፣ የወይብ ወንዝ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ፈልፍሎታል። የእኛ ድንጋይ ግን የእሳተ ገሞራ ነው። ጣና ራሱ የተፈጠረው ላቫ ፈሶ የውሃውን መውጫ ስለዘጋበት ነው። ሐይቁም ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙ አይዘልም። በእንዲህ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ የምታገኙት ስንጥቅ ነው፣ ወይም ጠባብ ዋሻ። ላቫ ሲፈስ ላዩ ቀድሞ ይደርቃል፣ ውስጡ ፈሶ ሲያልቅ ባዶ ቱቦ ይቀራል። ስለዚህ ሰዎቻችሁ አጫጭር ይሁኑ። ጎንበስ ብለው ይሂዱ። ቀጥ ብሎ መቆም የቻለ ልጅ አደገ አይባል፣ እንዲያውም እናቱ ትዘንለት።

ምግባቸውን ከዘጌ አምጡ። እዚያ ጫካው፣ ቡናው፣ ሁሉም ሥር ወደ ታች ይሰዳል። እኛ ጣሪያችን ላይ ዝናብ እንደምንሰማ፣ እነሱ ጣሪያቸው ላይ ሥር ሲያድግ ይስሙ። ከሥሩ የሚወስዱት ትንሽ ነው፣ ዛፉን እንዳይገድሉት ይጠነቀቃሉ። እላይ አንድ ሰው መጥረቢያ ሲያነሣ እታች የአንድ ቤተሰብ ጎተራ ይዘጋል። እኔ ብጽፍ ከዚህ እጀምር ነበር።

ውሃው ደግሞ የእኔ ጉዳይ ነው፣ እሱን ሳልናገር አላልፍም። ባሕር ዳር ሐይቅ አጠገብ ተቀምጣ የምትጠጣው በአብዛኛው ከምንጭና ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ነው። እንግዲህ እነሱና እኛ ከአንድ እንስራ እንጠጣለን ማለት ነው። የሽንት ቤታችን ጉድጓድ፣ የምንደፋው ዘይት፣ ሁሉም ሰርጎ ወደነሱ ይወርዳል። የቁፋሮ ማሽን ሲያጓራ ቤታቸው ይርዳል። ክፉ ንጉሥ፣ ጭራቅ መፈለግ ምን አስፈለገ? እኛው አለን።

ጊዜን እንዴት ይቆጥራሉ? ሚሼል ሲፍር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1962 ያለ ሰዓት ሁለት ወር ገደማ ዋሻ ውስጥ ተቀመጠ። ሴፕቴምበር 14 ሲያወጡት እሱ ገና ኦገስት 20 መስሎት ነበር። በእኛ ስትመልሱት መስከረም 4 ሆኖ ሳለ እሱ ነሐሴ 14 ላይ ነው። ዘመን ተለውጦ፣ እንቁጣጣሽ አልፎ፣ እሱ ፍልሰታ ጾም ውስጥ! የእኛ ሰዓት ደግሞ የሚቆጠረው ፀሐይ ከወጣችበት ነው። ፀሐይ ከሌለ አንድ ሰዓት የሚባል ነገር ከየት ይጀምራል? የኔ ሐሳብ በውሃው ይቁጠሩ የሚል ነው። ክረምት ሲገባ የጉድጓድ ውሃ ከፍ ይላል፣ በጋውን እየወረደ ይሄዳል። ዓመታቸው ያ ነው። «ስንት ዓመትህ ነው?» ሳይሆን «ስንት ሙላት አየህ?» ይባባሉ። «አየህ» ስል ግን ስህተት ሠራሁ። ዓይን የላቸውም። አምባዛን ተመልከቱት፣ በደፈረሰ ውሃ መንገዱን በጢሙ እየዳሰሰ ነው የሚሄደው። «ስንት ሙላት ዳሰስህ?»

ቋንቋው ላይ በደንብ ቆዩ፣ እለምናችኋለሁ። አማርኛችን አፈርን ከሞት ጋር አጣብቆታል። ስንለምን «አፈር ስሆን» እንላለን። ለሞተ ሰው «አፈሩን ያቅልልለት» እንላለን። ለእነሱ ግን አፈር ቤት ነው። ስለዚህ እኛ «እንዴት አደራችሁ» በምንልበት ቦታ እነሱ «አፈሩን ያቅልልላችሁ» ይበሉ። አንባቢ መጀመሪያ ይደንግጥ፣ ቆይቶ ይግባው። ጨለማንም የክፋት ልብስ አታድርጉት። በሦስቱም ታሪኮች የታች ሰው ተንኮለኛ ነበር፣ ይህ አሳዝኖኛል። ጨለማ ውስጥ የሚኖር ሰው ለልጁ የሚሳሳ አይመስላችሁም?

አንድ ጥያቄ ግን ለዓመታት ሳልፈታው ኖሬ ነበር። ምድር ውስጥ የሚኖር ሰው ሲሞት የት ይቀበራል? ከጸሐፊዎቹ አንዷን፣ 12ኛ ክፍል ያለችውን ጠየቅኋት። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር፣ አንድ አሣ አስጋሪ በታንኳው ወደ ዳር እየቀዘፈ ነው። ትንሽ አሰበች።

«ወደ ላይ ያወጡታል» አለችኝ። «በሌሊት፣ ደንገሉ ውስጥ።»

ጽፈሽ አምጪልኝ አልኳት። እየጠበቅኩ ነው።